ፕላዝማ መቁረጫ ፍለጋ፦ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የተሻገረ፣ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን ያለፈ መንገደኛ አዊ መድረሱን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በየጓሮው ቀርከሃ ይታያል፤ በእርሻው መሀል ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ ይበዛል። ከቲሊሊ በኋላ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ በደን የተከበበው ዘንገና ሐይቅ አለ። ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ወርዶ እግር ለማፍታታት ከዚህ የተሻለ ቦታ በዚያ መንገድ ላይ አላውቅም። ቀጥሎ የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ናት፤ ነባሩ ሰው ዛሬም ኮሶበር ይላታል።

የዚህ ጊዜ ጉዞዬ ግን ለሽርሽር አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ዳንግላ ውስጥ፣ በወላጆቻችን ግቢ፣ የብረት ሥራ አለው። የቤትና የአጥር በር፣ መስኮት፣ አልፎ አልፎም የፈረስ ጋሪ ይሠራል። የሚቆርጠው በግራይንደር ነው። ከእናታችን ጋር ሆነን ስንጥለው የቆየነው ዕቁብ ሲደርሰን ገንዘቡ ለፕላዝማ መቁረጫ ማሽን እንዲውል ተስማማን፤ የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። «አንቺ የገበያ ሰው ነሽ፤ ሻጭ አያታልልሽም» አለኝ ወንድሜ። አደራው ቀላል አልነበረም። ሥራው ካልሰፋለት ዳንግላን ለቅቆ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሊቀጠር እያሰበ ነበር። እሱ ከሄደ ደግሞ እናታችን በዚያ ግቢ ብቻዋን ልትቀር ነው።

ፈረስ፣ ከሰልና ብረት

እንጅባራ አክስቴ ቤት አድሬ በማግሥቱ ከተማዋን በእግሬ ዞርኩ። አዊን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፈረስ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ይሞሉታል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዓሉም ፈረስ በዓድዋ ጦርነትና በጣሊያን ወረራ ዘመን ለአርበኞች የዋለውን ውለታ ያስታውሳል። በዚያ ቀን የሰው ዓይን የሚያርፈው በጌጡና በኮርቻው ላይ ነው። ልጓሙና እርካቡ ግን ብረት ነው፤ ብረቱንም ቀጥቅጦ ያበጀ ሰው አለ።

በአገራችን ቀጥቃጩ ወናፉን እየነፋ ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምሳሩን ሲሠራ ኖሯል፤ የሚገባውን ክብር ግን ብዙም አላገኘም። እሳቱን የሚያቀጣጥለው በከሰል ነው፤ አዊ ደግሞ የከሰል አገር ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው የዲከረንስ ችግኝ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመሀሉ ጤፍ ይዘራበታል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ያከስለዋል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን ዋግ መሰል በሽታ ክፉኛ ጎድቶታል። በከሰል ላይ የቆመ ኑሮ ሲናጋ ወጣቱ ሌላ እንጀራ መፈለጉ አይቀርም። በከተሞቹ መንገድ ዳር የብየዳ ብልጭታ የሚታይባቸውን ቤቶች ሳይ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። የአያቶቻችን ዘመን ሰው ያላከበረውን ሙያ የዛሬ ወጣት ታፔላ ለጥፎ፣ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ይሠራዋል።

ማሽኑ ምን ያደርጋል?

ግራይንደር ብረትን በዲስክ እየፋቀ ይቆርጣል። ድምፁ ጎረቤት ይረብሻል፤ ዲስኩ ቶሎ ያልቃል፤ ቀጥ ያለ መስመር ካልሆነ በቀር ክብ ወይም አበባ ማውጣት ያስቸግራል። በኦክስጂንና በአሲቲሊን መቁረጥ ለወፍራም ብረት ጥሩ ነው፤ መብራትም አይፈልግም። ነገር ግን ሲሊንደር እያመላለሱ ማስሞላት አለ። ስስ ላሜራን በሙቀቱ ያጣምማል፤ ስቴንለስንና አሉሚኒየምን ደግሞ በአግባቡ አይቆርጥም።

ፕላዝማ መቁረጫ በአሜሪካ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የታመቀ አየር በጠባብ ኖዝል ውስጥ ሲያልፍ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ያገኘዋል። አየሩ ከ20,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግላል፤ ብረቱን ያቀልጣል፤ ግፊቱም የቀለጠውን ገፍቶ ያወጣዋል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ሁሉ ይቆረጥበታል፤ ቀለም የተቀባ ወይም የዛገም ቢሆን። ቶርቹ በእጅ ስለሚመራ በላሜራ ላይ የተሣለን ቅርጽ ተከትሎ መቁረጥ ይቻላል። ወንድሜ ከሁሉ በላይ የጓጓው ለዚህ ነበር። በአዊ ከተሞች በአጥር በሩ ላይ የፈረስ ምስል እንዲወጣለት የሚፈልግ ደንበኛ አይጠፋም። በግራይንደር ግማሽ ቀን የሚፈጅ ፈረስ በፕላዝማ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ካርቶኑ የማይናገረው

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ በካርቶን ላይ ምን በትልቁ፣ ምን በትንሹ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። በትልቁ የሚጻፈው አምፔርና «እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል» የሚለው ነው። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ እየታገለ ለሁለት የሚለየውን ውፍረት ያመለክታል። ሞረድ የማይፈልግ ንጹሕ ቆረጣ የሚገኘው ከዚያ ባነሰ ውፍረት ነው፤ ከተጻፈው ግማሹን ወይም ሁለት ሦስተኛውን መቁጠር ይበጃል።

ከካርቶኑ ይልቅ በማሽኑ ጀርባ የተለጠፈችውን ትንሽ ሠሌዳ ያንብቡ። በዚያ ላይ «40 አምፔር፣ 60 በመቶ» የሚል ካዩ፣ በዚያ ኃይል ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6 ደቂቃ ሠርቶ 4 ደቂቃ ማረፍ አለበት ማለት ነው። አነሳሱንም ይጠይቁ። ርካሾቹ ኖዝሉን ብረቱ ላይ እያስነኩ የሚያስነሱ ናቸው። «ፓይለት አርክ» ያለው ግን ሳይነካ ይነሣል፤ ቀለምና ዝገት ባለበት ብረት ላይ ይመቻል፤ ኖዝሉም ይቆይለታል።

ሌላው መለዋወጫ ነው። ኖዝሉና በውስጡ ያለው ኤሌክትሮድ እንደ ግራይንደር ዲስክ የሚያልቁ ናቸው። በገበያችን በሚበዙት የቻይና ማሽኖች ላይ «ፒቲ 31» ወይም «ኤጂ 60» የሚባሉ ቶርቾች አሉ፤ አንዱ የሌላውን መለዋወጫ አይወስድም። እንደ አሜሪካው ሃይፐርተርም ያሉት ጥራታቸው የተመሰከረ ነው፤ ነገር ግን ኖዝሉን ዳንግላ ሆኖ ማግኘት ካልተቻለ ውድ ማሽንም ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት «ኖዝሉን ለብቻው ትሸጣላችሁ?» እያልኩ ጠየቅሁ። በዚህ ጥያቄ ብቻ ብዙ ማሽን ከዝርዝሬ ወጣ።

ደጋው የሚወስደው ድርሻ

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ኮምፕሬሰሩ በተሰራበት አገር በወጣለት ቁጥር ልክ እዚህ አይሠራም፤ ታንከሩን ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል። ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል እየቀነሰ ስለሚሄድ ካርቶኑ ላይ 7 ኪሎ ዋት የሚለው ደጋ ላይ 5 ቢሰጥ ነው።

ባለ 40 አምፔር መቁረጫ በአብዛኛው ወደ 5 ባር የሚጠጋ ግፊትና በደቂቃ ከ100 እስከ 170 ሊትር አየር ይፈልጋል። ጎሚስታ ቤት የምናየው ዓይነት ባለ 50 ሊትር ታንከር ከ8 ባር ወደ 5 እስኪወርድ የሚሰጠው 150 ሊትር ያህል ነው፤ ሞተሩ ካላገዘው በቀር የአንድ ደቂቃ ቆረጣ ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ ለደጋ ሰው ኮምፕሬሰሩን ከሚባለው አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መግዛት ይሻላል።

ዝናቡም አለ። የአዊ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው። እርጥብ አየር ሲታመቅ ውኃ ይሆናል፤ ውኃው ቶርቹ ውስጥ ሲገባ ኖዝሉን ይበላዋል፤ ቆረጣውም ይበላሻል። ከኮምፕሬሰሩ እስከ ማሽኑ ያለው ቱቦ ረዘም ቢል አየሩ በመንገድ ይቀዘቅዛል፤ ከማሽኑ አጠገብ የውኃ ማጣሪያ ይገጠማል፤ በየቀኑ ማታ የታንከሩ ሥር ተከፍቶ ውኃው ይፈሳል። ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር የማጣሪያው ዋጋ ትንሽ ነው።

ምጣዱና ማሽኑ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ ቅዳምን አልፎ መንገዱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ሜዳው ይሰፋል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ዳንግላ ስገባ የጋሪው ፈረስና ባጃጁ መንገዱን እየተጋፉ ነበር።

ቤት እንደደረስኩ ወንድሜን ያለፈውን አንድ ወር ሥራውን አስጻፍኩት። ሐሳቡ በባለ 60 አምፔር ማሽን ላይ ነበር። የተጻፈው ግን ሌላ ተናገረ፦ የበር ላሜራ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ የመስኮት ብረት 2 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራም የሚባለው የጋሪ እግር ማሠሪያ 8 ሚሊ ሜትር። ባለ 60 አምፔሮቹ አብዛኞቹ ሦስት ፌዝ ይፈልጋሉ፤ የግቢያችን ቆጣሪ ደግሞ ሲንግል ፌዝ ነው።

ባለ 40 አምፔሩም ቢሆን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ኮምፕሬሰሩ ሲጨመር ከ6 ያልፋል። የእናታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ነው። እናም ሙከራ አደረግን። እናታችን ምጣዷን ጣደች፣ ወንድሜ በቴስተር ለካ። 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ከ200 በታች ወረደ። በዚያ ላይ መቁረጫው ቢነሣ ወይ ቆጣሪው ይዘጋል፣ ወይ ማሽኑ ይጎዳል። ማሽን የሚመርጥ ቤተሰብ ይህን ሙከራ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ቢያደርገው እመክራለሁ። ማሽኑም የቮልቴጅ መዋዠቅን እስከ 15 በመቶ የሚችል፣ ማለትም እስከ 187 ቮልት ሲወርድ የማይቆም መሆኑ ይታይ። መስመሩ ራሱን የቻለ ማቋረጫና የምድር ሽቦ ይኑረው፤ ይህንን የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጂ ባለ ወርክሾፑ አይደለም።

ግቢው የልጆችም ነው

የቤት ወርክሾፕ ከፋብሪካ የሚለየው ልጅ የሚሮጥበት፣ ልብስ የሚሰጣበት በመሆኑ ነው። የፕላዝማ ብርሃን እንደ ብየዳ ዓይን ይመታል፤ ሕመሙም ሌሊት ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ሆኖ ይነሣል። መንገድ ዳር የሚሸጥ ጥቁር መነጽር አያድንም፤ ለባለ 40 አምፔር ቢያንስ ቁጥር 5 ወይም 6 የብየዳ መስታወት ያስፈልጋል። በሥራው ቦታና በግቢው መካከል መከለያ ይቁም።

ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ወተት መጠጣት ያወጣዋል የሚል እምነት በሙያው ውስጥ አለ፤ ወተቱ ጥሩ ምግብ ነው፤ የጭስ መድኃኒት ግን አይደለም። መፍትሔው ክፍት ቦታና ነፋስ ነው። ነዳጅ ወይም ዘይት የነበረበት የተዘጋ በርሜል በፕላዝማ ፈጽሞ አይቆረጥም፤ ይፈነዳል።

ምን መረጥን?

የዕቁቡ ገንዘብ ለሁለት ነገር ይበቃ ነበር፦ ወይ ለትልቅ መቁረጫ ብቻ፣ ወይ ለባለ 40 አምፔርና ለሚያስፈልገው ሁሉ። ሁለተኛውን መረጥን። ቅደም ተከተሉም ተጻፈ፦ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ቀጥሎ ጠንካራ ኮምፕሬሰር ከነማጣሪያው፣ ከዚያ ፓይለት አርክ ያለው ባለ 40 አምፔር መቁረጫ፣ ከእሱም ጋር የስድስት ወር ኖዝልና ኤሌክትሮድ። ኮምፕሬሰሩ የቀደመው መቁረጫው ባይኖርም ገንዘብ ስለሚያመጣ ነው። ወንድሜ እስካሁን በሩን የሚቀባው በብሩሽ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩ በገባ ሳምንት በአየር መቀባት ጀመረ፤ ደንበኛውም ልዩነቱን አየው።

«እቴ፣ ትልቁ ይሻል ነበር» ማለቱን ለጥቂት ቀን አልተወም። የመጀመሪያውን ፈረስ ቆርጦ ካወጣ በኋላ ግን ስለ አምፔር አላነሣም፤ ስለ ባሕር ዳርም እንዲሁ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጠችው እናታችን ናት። «ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ እጋግራለሁ፤ ያን ጊዜ ማሽንህ ይረፍ» አለችው። የሁለቱ ቀናት ስም አሁን በወርክሾፑ በር ላይ በቀለም ተጽፏል።