ሠላሳ አምስት ግራም እርሳስ

በዐረብኛ «ረሳስ» ማለት እርሳስ ነው፤ ጥይትም ማለት ነው። በእኛም ቋንቋ «ዐረር» የሚለው ቃል ሁለቱን ትርጉሞች ይዞ ኖሯል። ኤደን ውስጥ በጎማ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ቃል በቀን ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ሁልጊዜም በመጀመሪያው ትርጉሙ ብቻ ሊሰማው ይመኛል። የተሽከርካሪ ጎማ ሚዛኑን እንዲጠብቅ በቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚመታው ወይም ከውስጥ የሚለጠፈው ትንሽ ክብደት ለረጅም ዘመን ከእርሳስ ይሠራ ስለ ነበር፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥራው ራሱ «ተርሲስ» ተብሎ ይጠራል፤ እርሳስ ማድረግ እንደ ማለት ነው። እኛ ባላንስ እንለዋለን። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እርሳስ መርዛማ በመሆኑ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአነስተኛ መኪኖች ጎማ እንዳይውል ተከልክሎ በዚንክና በብረት ተተክቷል። በእኛ ጎማ ቤት ግን አሁንም የእርሳሱ አለ፤ ስለዚህ ምሳ ከመብላቴ በፊት እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና እታጠባለሁ።

የምሠራው በመንሱራ ነው። የመናውያን እንዲህ ያለውን ቤት «ባንሸር» ይሉታል፤ ቃሉ የጎማን መበሳት ከሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። እኛ ደግሞ ከጣሊያንኛ «ጎሚስታ» የሚለውን ወርሰናል። እንግሊዞች ኤደንን ከ1839 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. መግዛታቸውን፣ ጣሊያኖችም በእኛ አገር መንገድ መቅደዳቸውን ለማወቅ የታሪክ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ የጎማ ቤቱን ስም መስማት ይበቃል።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ወጣት ጥቁር ፎርድ ሙስታንግ ይዞ መጣ። መኪናው አገልግሎ ከባሕረ ሰላጤው የገባ ነው፤ የፋብሪካው ቸርኬዎች ወልቀው ለዓይን የሚያምሩ ባለ 19 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ተገጥመውለታል። ፍጥነቱ ከፍ ሲል መሪው በእጁ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። ቀድሞ ያየው ባለሙያ የመሪው ሳጥን በሙሉ መለወጥ አለበት ብሎታል፤ ዕቃው ደግሞ ከዱባይ ታዝዞ የሚመጣ፣ ዋጋውም የቤተ ሰቡን የወራት ቀለብ የሚያህል ነው። ወጣቱ በሳምንቱ መጨረሻ እናቱን ለሕክምና ወደ ሙከላ ማድረስ ነበረበት። በአቢያንና በሸብዋ በኩል ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው ያ መንገድ ረጅም ነው፤ ብዙ ቦታም ሰው የለበትም። የታመመች እናትን ሁለት በር ባለው የስፖርት መኪና ይዞ መሄድ ለሰሚው ያስቃል፤ በቤታቸው ያለው መኪና ግን ይኸው ብቻ ነበር።

ክሪኩን ከማንሣቴ በፊት ጥቂት ጥያቄዎች ጠየቅሁት። በስንት ፍጥነት ይጀምራል? በ85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጀምርና በ100 ይብሳል፤ 120 ሲያልፍ ይለዝባል። ፍሬን ሲይዝስ? ያው ነው፣ አይጨምርም። በእጅህ ነው ወይስ በመቀመጫህ የሚሰማህ? በእጄ፤ ጥቂት ደግሞ ከሥሬ። መኪናው ቆሞ ሞተሩን ስታስጮኸው? ምንም የለም።

ከመልሶቹ ብዙ ነገር ይታወቃል። ፍሬን ሲያዝ የማይጨምር ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ መጣመሙ አያጠራጥርም ለማለት ምክንያት የለም። ቆሞ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ሞተሩ ከደሙ ንጹሕ ነው። በእጅ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ከፊት ጎማዎች፣ በመቀመጫ የሚሰማው ደግሞ ከኋላዎቹ ነው። በአንድ የፍጥነት ክልል ውስጥ ብቻ ብሶ ከዚያ በላይ የሚለዝብ ንዝረት ደግሞ የሚዛን ጉድለት ዋና ምልክቱ ነው፤ የጎማው መወዛወዝ ከመሪውና ከተሸከሙት ብረቶች የተፈጥሮ ውዝዋዜ ጋር የሚገጥመው በዚያ ፍጥነት ላይ ነውና።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የዚህ መኪና ጎማ በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል። በቸርኬው ዙሪያ በአንድ ወገን 30 ግራም ትርፍ ቢኖር፣ በዚያ ፍጥነት ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል ወደ 4 ኪሎ ተኩል ክብደት ይጠጋል። አንድ ሰው ጎማውን በሰከንድ 13 ጊዜ በመዶሻ እንደሚመታው መገመት ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ በአራት እጅ ይቀንሳል፤ ከተማ ውስጥ በ50 የሚነዳ ሰው ሕመሙን ሳያውቀው የሚኖረውም ስለዚህ ነው። የስፖርት መኪና ሲሆን ደግሞ የጎማው ግድግዳ ቀጭን ነው፤ ንዝረቱን የሚውጥ ወፍራም ጎማ በመካከል የለም። ሰነፍ ባለሙያ የሚወደው ዘዴም አይሠራለትም፦ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ስለሚሰፋ የፊቱን ወደ ኋላ አዛውሮ «ንዝረቱ ቦታ ለወጠ ወይ?» ብሎ መፈተን አይቻልም።

የግራውን የፊት ጎማ ሳወርድ ከቸርኬው ውስጥ በኩል አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ምልክት አየሁ። ቀድሞ የተለጠፈ ክብደት ወድቆ ነው። በኤደን ይህ የተለመደ ነው፤ የባሕሩ ጨው፣ የሐምሌው ሙቀትና ከፍሬኑ የሚወጣው ግለት ተባብረው ማጣበቂያውን ያላቅቁታል። ቸርኬውን ሳያጸዱ አዲሱን መለጠፍ ደግሞ በአሸዋ ላይ መለጠፍ ነው። ስለዚህ የጎማ ባላንስ ገሚሱ ሥራ እጥበት ነው፤ ደንበኛው ግን ለእጥበት ገንዘብ የሚከፍል አይመስለውም።

እኔ ይህን ሥራ የተማርሁት ደሴ ላይ፣ መብራት የሚፈልግ ማሽን በሌለበት ጎማ ቤት ነው። ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ጋሼ እንላቸው ነበር፣ ጎማውን ቅባቱ ታጥቦ በቀለለ አሮጌ ኩሽኔታ ላይ ሰቅለው ይተዉታል። ጎማው ቀስ ብሎ ዞሮ ዞሮ ይቆማል፤ የከበደው ወገን ሁልጊዜ ወደ ታች ይመጣል። ከዚያም በላይኛው ወገን ጥቂት እርሳስ ይጨምራሉ፤ ጎማው በፈለገበት ሲቆም ተስተካከለ ማለት ነው። ይህ ዘዴ እውነተኛ ነው፤ ለጠባብ ጎማም ይበቃል። ነገር ግን የሚያሳየው የላይና የታቹን ልዩነት ብቻ ነው። ሰፊ ጎማ ላይ ትርፉ ከውስጠኛው ጠርዝ፣ ጉድለቱ ከውጨኛው ሊሆን ይችላል፤ ቆሞ ሲታይ ሚዛኑን የጠበቀ መስሎ ሲሮጥ ግን ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ያንን የሚለየው እየዞረ የሚመዝን ማሽን ነው።

ማሽኑ አለን፤ መብራቱ ግን እንደ እንግዳ የሚመጣ ነው። በበጋ በኤደን መብራት ከሚኖርበት የማይኖርበት ሰዓት ሲበዛ ኖሯል፤ ስለዚህ ጄኔሬተር እናስነሣለን። ጄኔሬተሩን ማሽኑ ካለበት ወለል አርቄ በጎዳናው ጥግ አስቀምጠዋለሁ፤ መንቀጥቀጡ በሲሚንቶው በኩል አልፎ ንባቡን እንዳያበላሽብኝ። የግራው ጎማ 35 ግራም ጎደለው። የቀኙ 5 ግራም። ለጥፌ ደግሜ አዞርሁ፤ ሁለቱም ዜሮ አሳዩ። ወጣቱ ወደ ኮርማክሳር በባሕሩ መካከል የሚያልፈውን መንገድ ይዞ ሄደና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ።

«ያ ሙሐንዲስ፣ ተሽሏል፤ ግን አልጠፋም» አለኝ። በዚህ አገር መካኒክን መሐንዲስ ብሎ መጥራት የተለመደ አክብሮት ነው፤ ለሐበሻ ሲባል ግን ሁልጊዜ አይሰማም።

አሠሪዬ ሰምቶ ቀረበ። ሁለት አዲስ የፊት ጎማ ይግዛ አለ፤ በመደርደሪያውም ልኩ ነበረው። ውድ አንባቢ፣ በስደት የምትኖር ከሆነ ይህችን ቅጽበት ታውቃታለህ። የጎማዎቹን ዕድሜ አይቼዋለሁ፤ በጎማው ግድግዳ ላይ ከሚታተሙት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ገና ጥሩ ዕድሜ ነበራቸው። ጥርሳቸውም እኩል ነው፣ እብጠትም የለባቸውም። ይሁን እንጂ መኖሪያ ፈቃድ ሳይኖረው የሚሠራ ሰው አሠሪውን በደንበኛ ፊት ቢቃወም በማግሥቱ በቦታው ሌላ ሰው ቆሞ ያገኛል። ይህን ስል አሠሪዬን ክፉ ለማለት አይደለም፤ ጎማ ሸጦ የሚኖር ሰው መፍትሔው ጎማ ቢመስለው አይገርምም። ወደ ማሽኑ ጥግ ጠራሁትና ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ያ ሐጅ፣ አንድ ሰዓት ይስጡኝ። ካልተስተካከለ ጎማውን እኔው ራሴ እገጥመዋለሁ» አልሁት። ሰዓቱን አየና ትከሻውን ነቀነቀ።

አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ማሽኑ ላይ ፍጹም የሆነ ጎማ መኪናው ላይ ሲገጠም ከተናወጠ፣ ልዩነቱ ያለው በአቀማመጡ ነው። ማሽኑ ቸርኬውን በሾጣጣ ብረት ከመሐሉ ቀዳዳ ይይዘዋል፤ መኪናው ላይ ግን ያንን ቀዳዳ የሚሞላው ጎማውን የሚሸከመው እምብርት ነው። የሙስታንጉ እምብርት ስፋት 70.5 ሚሊሜትር ነው። ከፋብሪካ ውጭ የሚሸጡ ቸርኬዎች ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆኑ ቀዳዳቸው ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፤ የዚህኛው 73.1 ነበር። በመካከል የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላ ቀለበት መኖር አለበት። በግራው በኩል የፕላስቲኩ ቀለበት ከፍሬኑ ግለት የተነሣ ቀልጦ ተጣሟል፤ በቀኙ ጭራሽ የለም። የዳዶዎቹ ሾጣጣ አፍ ቸርኬውን ወደ መሐል ለማምጣት ይረዳል፤ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ በአየር መፍቻ አንዱን ወገን ቀድሞ ያጠበቀ ሰው ግን ቸርኬውን ወደ ጎን ገፍቶ ያስረዋል። 23 ኪሎ የሚመዝን ጎማ ከመሐሉ 1 ሚሊሜትር ፈቀቅ ቢል፣ ጠርዙ ላይ ወደ 100 ግራም ትርፍ ክብደት እንደ መለጠፍ ነው። ይህንን እንዲህ ያለው የባላንስ ማሽን አያሳይም።

ሸይኽ ዑስማን ውስጥ ቶርኖ ያለው የመናዊ አለ። ወጣቱ ሮጦ ልኬቱን ወሰደለት፤ ከአሉሚኒየም ሁለት ቀለበቶች ተቀርጸው መጡ። እምብርቱን በሽቦ ብሩሽ ከዝገት አጸዳሁ፣ ቀለበቱን አስገባሁ፣ ጎማው ከመሬት እንደ ተነሣ ዳዶዎቹን በእጄ አስያዝሁ፤ ከዚያም እየዘለልሁ፣ የኮከብ ቅርጽ እንደሚሠራ ሰው፣ አጠበቅሁ። የመጨረሻውን በጉልበት መለኪያው ቁልፍ ጨረስሁ። ቁልፉ በመደርደሪያው ላይ በሣጥኑ ታሽጎ ከርሞ ነበር፤ አሠሪዬም አንዳች ቅርስ እንደሚያሳይ ሰው በሁለት እጁ አውርዶ ሰጠኝ።

መሽቶ ስለ ነበር ፈተናው ለማግሥቱ ዓርብ ጧት ተላለፈ፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ነው። ወጣቱ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። ከሰፈር መውጣት አልወድም፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጦርነት ወዲህ በኤደን መንገዶች ላይ ኬላ አይጠፋም፣ የእኔም ወረቀት የሚታይ አይደለም። ሆኖም የመሪን ንዝረት በሰው አፍ መስማትና በራስ እጅ መያዝ አንድ አይደለም። ሄድሁ። በኬላው ላይ ጠመንጃ የያዘው ልጅ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ አየና «ይህስ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ወጣቱ «ሙሐንዲሴ ነው፤ መኪና እየፈተነ ነው» አለው። አለፍን። ልቤ ከመኪናው ይልቅ ይንዘፈዘፍ ነበር።

ከኬላው ርቀን መሪውን ለቀቀልኝ። 60፣ 80፣ 90። ንዝረቱ ይመጣበት የነበረውን ቦታ ስናልፍ ሁለታችንም ዝም አልን። በ100 መሪውን በሁለት ጣት ያዝሁት፤ በግራ በኩል ባሕሩ ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ መሪውም እንደዚያው። ከመቀመጫው ሥር ግን ጥቂት ጉርምርምታ ቀርቶ ነበር። መኪናው ለወራት አንድ ቦታ ቆሞ ስለ ነበር የኋላ ጎማዎቹ መሬት የነካው ወገናቸው ጠፍጥፏል። ይህ በእርሳስ አይድንም፤ ጎማው ሲሞቅ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ይቀራል። እንደዚሁ ነገርሁት። ነፋሱን ሞልቶ ረጅም መንገድ ይንዳው፤ ከሙከላ ሲመለስ ካልለቀቀው ያን ጊዜ ጎማ ይግዛ። አሠሪዬም ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ለሁለቱ የፊት ጎማዎች ባላንስ ከተለመደው ዋጋ በላይ አላስከፈለም።

የአሉሚኒየም ቸርኬ ከተገጠመ በኋላ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ዳዶዎቹ ዳግመኛ መፈተሽ አለባቸው። ይህን ለደንበኛ ሁሉ እናገራለሁ፤ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። ወጣቱ እሑድ ጧት ለመንገድ ተነሥቶ ሳለ ጎራ አለ። እናቱ በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ነበር። ቁልፉን በየተራ አሳረፍሁ፤ በቀኙ ጎማ አራተኛው ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ሄደ፣ ሌሎቹ አልተነቃነቁም። እናቱ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ገና ብዙ እንደሚቆዩ ጠየቁኝ።

«አምስት ደቂቃ፣ ያ ኻላ» አልኋቸው፤ ወደ ግራው ጎማም ዞርሁ።