የት ነው የምትደፋው?

ሎንደን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የአያታችን ቤት ሊለቀቅ መሆኑን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ገንዳ በስንት ይከራያል?» ብሎ ነው። እነሱ ዘንድ ቤቱን የሚያስለቅቅ ሰው ስልክ ይመታል፤ መኪና የብረት ገንዳ አምጥቶ ደጁ ያስቀምጥለታል፤ ሲሞላ ተመልሶ ይወስደዋል። ገንዳው መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነ ፈቃድ ይወጣለታል፤ ከጠርዙ በላይ አይከመርም፤ ባትሪና ጎማ አይጣልበትም።

ባሕር ዳር ውስጥ ገንዳ የሰፈር ነው። ለአንድ ቤት የሚከራይ ፈልጌ አጣሁ። ያለው አይሱዙ፣ ጋሪ፣ እና በር እያንኳኩ የሚሰበስቡት የጽዳት ማኅበር ልጆች ናቸው። ልጆቹ ደግሞ የሚወስዱት በማዳበሪያ የታሰረ የሳምንት ጥራጊ እንጂ የአርባ ዓመት ጓዝ አይደለም።

እና መኪና ከመጥራታችሁ በፊት ቆራሌውን ጥሩ። የተበሳ ቆርቆሮ፣ የላምባ ምድጃ፣ ጀሪካን፣ ጠርሙስ፣ የአልጋ ሽቦ፣ ሁሉንም ይወስዳል፤ ገንዘብም ይሰጣችኋል። ልብሱን ለልዋጭ ስጡ። ከእኛ ግቢ ግማሹ የወጣው በዚህ መንገድ ነው፣ ያለ አንድ ሊትር ነዳጅ። እንዲያውም የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን መለየት የቤት ኃላፊ ግዴታ ነው ይል ነበር። ቆራሌው አዋጁን አንብቦት አያውቅም፤ ሥራ ላይ ያዋለው ግን እሱ ነው።

የተረፈው በቢያጆ ነው የሚሄደው። ዋጋ ስትነጋገሩ ፍራሽና ፍርስራሽ አትቀላቅሉ። ፍራሽ መኪናውን ይሞላል እንጂ አይከብድም። የግድግዳ ፍርስራሽ ግን አንዱ ሜትር ኩብ ብቻውን ከአንድ ቶን ያልፋል፤ ግማሽ የተጫነ የሚመስለው መኪና ልኩን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ሾፌሩ ይህን ያውቃል፤ እናንተም እወቁት።

ዋናው ነገር ግን ዋጋው አይደለም። ሁለት ሾፌሮች መጡ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ ጠራ። እናቴ ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷ ጠቆረ።

«የት ነው የምትደፋው ልጄ?»

«እሱን ለኔ ይተዉት እናቴ።»

«አልተወውም። የት ነው?»

«አለ ቦታ... ወደ ታች።»

ባሕር ዳር ላይ «ወደ ታች» ማለት ወደ ውሃ ማለት ነው። ወይ ጣና ነው፣ ወይ ከጣና የሚወጣው ዓባይ። ደንገል የበቀለበት ረግረግ ለማያውቀው ባዶ መሬት ይመስላል፤ በሌሊት አንድ መኪና ይገለበጥበታል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል፣ ውሎ አድሮ «ሙሌት» ይባላል። ቦይ ውስጥ የተጣለውን ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። የርካሹ ሾፌር ቅናሽ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም፤ የቆሻሻ ማጓጓዣ ዋጋ የርቀት ዋጋ ነው፣ እሱ ርቀቱን አሳጠረው።

እናቴ ውዱን ያዘች። ግማሹን ከፈለችው፤ ቀሪውን ደግሞ እኔ ጋቢና ገብቼ ማራገፊያው ድረስ ሄጄ ስመለስ ሰጠችው። ሾፌሩ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር፣ መንገድ ላይ ግን ስለ ጎማ ዋጋ ስናወራ ረሳው። እናንተም ብትችሉ አብራችሁ ሂዱ።

ማራገፊያው ሲደርስም ነገሩ አያልቅም፤ እዚያ በእጃቸው የሚለቅሙ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ ቆሼ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ሲናድ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል፤ ብዙዎቹ እዚያው ተጠግተው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ የአያታችንን የስኳር መርፌዎች ከፍራሹ ጋር አልጫንንም። ክዳኑ በሚጠብቅ ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ አድርገን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ነርሷ አንዴ ዕቃውን አንዴ እኛን አየችና ተቀበለችን። የተሰበረ መስታወትም በካርቶን ጠቅልሉ፣ ላዩ ላይ ጻፉበት።

ጓሮ ማቃጠል የሚለውን ምክር ከሦስት ጎረቤት ሰምቻለሁ። ወረቀትና ቅጠል ከሆነ ይሁን። ፌስታልና የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ሲቃጠል ጢሱ መርዝ ነው፣ መጀመሪያ የሚስበውም ያው ጎረቤት ነው።

የአያቴን የራዲዮ ድንጋዮች የሚቀበል ግን እስካሁን አላገኘሁም። ለምን እንደነበር እንጃ፣ ያለቁትን አትጥልም ነበር፤ ሃያ ሦስት ናቸው። በሃይላንድ ከትቼ ክዳኑን አጥብቄ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጫቸዋለሁ።