ለዶክተር ካትሪን ሃምሊን መታሰቢያ

በወንጌል ከተነገሩት ድውያን መካከል አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት ታሪክ ከሌሎቹ ይለያል። ዕውሩ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኽ ነበር፤ ሽባውንም አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ይህች ሴት ግን ተሸካሚ አልነበራትም፤ ለመጮኽም አፈረች፤ በሕዝቡ መካከል ከበስተኋላ ቀርባ የልብሱን ጫፍ ብቻ ነካች። ከሕመሟ ይልቅ የሚያሠቃያት ኀፍረቷ ነበረና። በኢትዮጵያም እንደዚህች ሴት ሕመማቸውን እየሰወሩ ከሰው ፊት የሚሸሹ እናቶች ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም ፈጽመው አልጠፉም። ለእነዚህ እናቶች ስድሳ ዓመት ሙሉ በር ከፍተው የጠበቁት ሐኪም ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ነበሩ።

ዶክተር ካትሪን የተወለዱት በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ ሲሆን፣ ዘመኑም በፈረንጆች አቈጣጠር 1924 ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዘመናትም ሌላ ካልተባለ በቀር በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ኒኮልሰን ከተባለ፣ ኑሮው የተደላደለ ቤተ ሰብ ከተወለዱት ስድስት ልጆች አንዷ ነበሩ። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን በ1946 ከፈጸሙ በኋላ ክራውን ስትሪት በሚባለው የሴቶች ሆስፒታል ሲሠሩ፣ በዚያ ሹም ከነበሩት ከኒው ዚላንዱ ተወላጅ ከዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ጋራ ተዋወቁ፤ በ1950ም ተጋቡ። በ1952 ሪቻርድ የሚባል አንድ ልጅ ወለዱ፤ ከእርሱም ሌላ ልጅ አልወለዱም። ሁለቱም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የሚከተሉ፣ ጸሎትንና መጻሕፍት ማንበብን የዕለት ሥራቸው ያደረጉ ክርስቲያኖች ነበሩ።

በ1958 ዘ ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሔት ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ቃሉም በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን የሚያስተምርና የእናቶችን ክፍል የሚያቋቁም የማህፀን ሐኪም ይፈለጋል የሚል ነበር። ባልና ሚስቱ ማስታወቂያውን አይተው ለሦስት ዓመት ሊያገለግሉ ተዋዋሉ፤ በ1959ም ሕፃን ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ያ ሦስት ዓመት ለዶክተር ሬጂናልድ ሠላሳ አራት፣ ለዶክተር ካትሪንም ስድሳ አንድ ዓመት ሊሆን በዚያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር?

ሆስፒታሉ በስማቸው የተሰየመላቸው ልዕልት ፀሐይ የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነትን ሙያ ተምረው በሽተኛን በእጃቸው አስታመዋል፤ ወደ አገራቸው ከተመለሱም በኋላ በ1942 ከእርግዝና ጋራ በተያያዘ ሕመም በነቀምት አረፉ። ስለዚህ ቤቱ ራሱ በምጥና በወሊድ ምክንያት ለጠፋች አንዲት ወጣት ሕይወት መታሰቢያ ነበር። የንጉሠ ነገሥት ልጅ እንኳ ከዚህ ሞት ካላመለጠች፣ ሐኪም ቀርቶ መንገድ በሌለበት ገጠር የምትወልደው የባላገር ሚስት ምን ያህል አደጋ ላይ እንደ ነበረች መገመት አያስቸግርም።

ባልና ሚስቱ እንደ መጡ አንድ የሙያ ባልደረባቸው፣ የፊስቱላ ሕመምተኞች ልባቸውን እንደሚሰብሩት አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። ሁለቱም በማህፀን ሕክምና የበቁ ቢሆኑም ይህን ሕመም በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ ምጥ ሲጸና በቀዶ ጥገና ማዋለድ በተለመደበት አገር ሕመሙ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታልና። ፊስቱላ የሚመጣው እንዲህ ነው። ሕፃኑ በእናቱ ዳሌ ማለፍ ሲሳነው ምጡ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቈያል። የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ከዳሌው አጥንት ጋራ አጣብቆ ስለሚጫነው ደም ወደዚያ መድረሱን ያቆማል፤ ደም ያጣውም ሥጋ ይሞታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ሲለቅ በሽንት ፊኛና በማህፀን በር መንገድ መካከል፣ አንዳንድ ጊዜም በዓይነ ምድሩ በኩል፣ ቀዳዳ ይቀራል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ሌትና ቀን ይፈሳል።

እንግዲህ የዚህች ሴት ኑሮ ምን ሊሆን ነው? ልጇን በአንድ ቀን አጣች፤ ጤናዋንም በዚያው ሳምንት አጣች። ከዚህ በኋላ ባሏን የምታጣ ብዙ ናት። ሚስቱን በበቅሎ ጭኖ ሐኪም ቤት ድረስ ያመጣ፣ እስክትድንም የጠበቀ ባል መኖሩ ሊካድ አይገባም፤ ነገር ግን ወደ ወላጆቿ የተመለሰችው፣ ከቤት ተለይታ በጓሮ ጎጆ ብቻዋን የምትበላው ትበዛ ነበር። ለቅሶ ቤት አትሄድም፤ ማኅበር አትጠጣም፤ በምእመናን መካከል ቆማ ለማስቀደስም አትደፍርም። በአውቶቡስ ስትሳፈር በሽታው የሚፈጥረው ሽታ ጎረቤት ያስነሣባታል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ በእግራቸው እየተጓዙ፣ በየመንገዱ እየለመኑ አዲስ አበባ ይደርሱ ነበር። አንዳንዱም ሰው ይህን መከራ የኃጢአት ቅጣት ነው ይላት ነበር፤ እርስዋም አምና ትቀበለው ነበር።

ሐኪሞቹ ይህን ባዩ ጊዜ ከማዘን አልፈው ተማሪዎች ሆኑ። በዚህ ሕመም ላይ ብዙ ከደከሙት አንዱ የግብጹ ሐኪም ናጊብ ማሕፉዝ ፓሻ ነበሩና ጽሑፋቸውንና ሥዕላቸውን መረመሩ፤ እየጠየቁና እየሠሩም ጥበቡን አበጁ። ሥራው ትዕግሥት የሚፈልግ ነው፤ ቀዳዳው በጠባብና በጥልቅ ቦታ ያለ ሲሆን የሚሰፋውም ሥጋ ስስና የቆሰለ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመምተኛዋ ሽንቷ በቀጭን ቱቦ እየወረደ ሁለት ሳምንት ያህል ትተኛለች፤ ቱቦው የሚወጣበት ቀንም ፍርድ እንደሚሰማበት ቀን ያስፈራል። በእነዚህ ሐኪሞች እጅ ግን ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ቀዳዳቸው ተደፈነ።

ወሬው በገጠር በተሰማ ጊዜ የሚመጡት በዙ፤ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ግቢ የተሠራችው ትንሽ ማረፊያም አልበቃቻቸውም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ከልዩ ልዩ አገር ርዳታ እየለመኑ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን በወንዝ ዳር መሠረቱ፤ ቤቱም በ1975 ተከፈተ። ዘመኑ መንግሥት የተለወጠበት፣ ብዙ የውጭ አገር ሰዎችም ዕቃቸውን የጠቀለሉበት ነበር። እነርሱ ግን አልሄዱም። አብዮቱ፣ የ1984 ረኃብ፣ የ1991 የመንግሥት ለውጥ ሁሉ በላያቸው አለፈ፤ በሆስፒታሉም ሕክምና ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ድና የምትሄደዋ ሴት አዲስ ቀሚስና የመንገድ ገንዘብ ይሰጣት ነበር። ቀሚሱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመት ደረቅ ልብስ ለብሳ ለማታውቅ ሴት ከመድኃኒቱ የማይተናነስ ስጦታ ነው።

ከሕመምተኞቹ መካከል የአንዲቱ ታሪክ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ገና ልጅ ሳሉ በመጀመሪያ ወሊዳቸው ክፉኛ ተጎድተው በ1962 ወደ ሐኪሞቹ መጡ። ፊደል አልቈጠሩም ነበር። ጉዳታቸው ከባድ ስለ ነበረ ብዙ ጊዜ ቢሠራላቸውም ፈጽመው አልዳኑም፤ ስለዚህ በዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ፣ ሕመምተኛ ማጽናናት ጀመሩ። ኋላም በቀዶ ጥገና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ያዙ፤ ዶክተር ሬጂናልድም የእጃቸውን ጥራት አይተው ጥበቡን አስተማሯቸው። እኒህ ሴት በሙያው እጅግ ከመራቀቃቸው የተነሣ ከልዩ ልዩ አገር ለመማር የሚመጡትን ሐኪሞች የሚያሠለጥኑ ሆኑ፤ በ1989ም የለንደን ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለእርሳቸውና ለሃምሊን ባልና ሚስት የክብር ሜዳይ ሰጠ። ሐኪም ብዙ ሰው ሊያድን ይችላል፤ ያዳነውን ሰው ከጎኑ አቁሞ ሌላውን እንዲያድን ማድረግ ግን የጥቂቶች ሥራ ነው። የዶክተር ካትሪን እናትነት ከሁሉ ይልቅ የታየው በዚህ ነው። እናት ልጅዋን አሳድጋ ቤት እንድትመሠርት ታደርጋታለች እንጂ ዘወትር በጉያዋ አታስቀምጣትም።

በ1993 ዶክተር ሬጂናልድ ዐርፈው በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ወታደሮች መካነ መቃብር ተቀበሩ። ባልቴቲቱ በዚያን ጊዜ ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ሁለቱ አብረው ያቀዱትን፣ አብረው የሚሠሩትን ሥራ ብቻቸውን ይሸከሙት ዘንድ ከባድ መሰላቸው፤ ወደ አገራቸው መመለስም በልባቸው ገባ። ይህን ጊዜ ከግቢው ሠራተኞች አንዱ ቀርቦ ትተዋቸው እንዳይሄዱ፣ ሁሉም እንደሚረዷቸው ነገራቸው። እርሳቸውም ቀሩ። ሃይማኖት በታላላቅ ጉባኤ ከሚነገረው ይልቅ በእንዲህ ያለ ሰዓት ይፈተናል፤ ኀዘን ልብን ባጠበበው ጊዜ የሌላውን ኀዘን ለመስማት ጆሮ መስጠት ከማንኛውም ጾም ይከብዳልና። ከባላቸው ሞት በኋላ የሠሩት ሥራ ከዚያ በፊት አብረው ከሠሩት ቢበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም።

ድነው መሄጃ ላጡት፣ ጉዳታቸውም ፈጽሞ ላልተጠገነላቸው ሴቶች ከከተማው ውጭ ደስታ መንደር የተባለ መኖሪያ ተሠራ። ከ2005 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ውስጥም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ የፊስቱላ ሆስፒታሎች ተከፈቱ፤ የገጠሯ እናት ብዙ ቀን ተጉዛ አዲስ አበባ መምጣቷ ቀረላት። በ2007 የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ሲመሠረት ደግሞ ዶክተር ካትሪን በ1959 ወደ መጡበት ወደ መጀመሪያው ጉዳይ ተመለሱ ማለት ነው። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የተጀመረው የአዋላጆች ትምህርት ቤት ጥቂቶችን ብቻ አስመርቆ ተዘግቶ ነበርና። ከገጠር የተመረጡ ልጆች ተምረው ወደ መጡበት አውራጃ ሲመለሱ ምጡ የጸናባትን እናት በጊዜ ለይተው ወደ ሆስፒታል ይልካሉ፤ በዚህም ቀዳዳው ሳይፈጠር ይቀራል። የሰፉትን ቍስል ከመቍጠር ይልቅ የሚሰፋ ቍስል እንዳይገኝ መመኘት፣ ለሙያው ክብር ሳይሆን ለሕመምተኛዋ የሚያስብ ሐኪም ምልክት ነው።

ክብርም አልጎደለባቸውም። በ1995 አገራቸው አውስትራልያ ከፍተኛውን የክብር ኒሻን ሰጠቻቸው፤ በ2009 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2012 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት የክብር ዜግነት ሰጣቸው። ነገር ግን በግቢው ውስጥ የሚጠሩበት ስም ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ሠራተኞቹና ሕመምተኞቹ እማዬ ይሏቸው ነበር። ከማህፀናቸው የወጣው ልጅ አንድ ነው፤ በመሠረቱት ቤት የታከሙት እናቶች ግን ከ60 ሺህ በላይ ሆነዋል።

እርጅና ጉልበታቸውን ቢያደክመውም ዶክተር ካትሪን ዘጠና ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከሙያቸው አልተለዩም። በሆስፒታሉ ግቢ ባለው ቤታቸው ሳሉ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ማርች 18 ቀን 2020፣ በተወለዱ በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። ኮሮና የተባለው ተላላፊ ሕመም በኢትዮጵያ ከታየ አምስት ቀን ብቻ ሆኖት ነበርና ሰው ከሰው በሚራቅበት ሳምንት፣ ሰው ከሸሻቸው ሴቶች አጠገብ ዕድሜያቸውን የፈጸሙት እናት ወደ ባላቸው መቃብር ሄዱ።

የሞቱትን ማመስገን ቀላል ነው፤ ከሥራቸው አንዱን እንኳ ለመውረስ መነሣት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ምጥ የጸናባት ሴት በጎረቤት ስትጮኽ ሌሊቱ ሳይነጋ ወደ ሐኪም ቤት እንድትደርስ መንገድ መፈለግ የባልና የመንደሩ ዕዳ ነው። ልጅ አገረድ አካሏ ሳይጠና እንዳትዳር ወላጅን መምከር የነፍስ አባት ዕዳ ነው። ሕመሟን ደብቃ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ርቃ የምትቆመዋን ሴት ደግሞ ካህኑ ራሱ ሄዶ፣ ሕመምሽ ቅጣት አይደለም፤ መድኃኒትም አለው፤ ሊላት ይገባል። ይህን ቃል በጊዜው የሚነግራት ሰው ብታገኝ፣ ሐኪሟ ዘንድ የምትደርሰው ሃያ ዓመት ካለቀሰች በኋላ ሳይሆን በዚያው ዓመት ነው።