ከደጃፍ የማያልፍ መድኃኒት

በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ሳቢያ የደረሰው ድርቅ የራያን ቆላ ማሽላ ሲያደርቅ፣ በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ ተከሠተ። በድርቅ በተጎዱ ወረዳዎች ከተመረመሩት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሲሦ ያህሉ ተይዘው ተገኙ።

የቆዳ መድኃኒት ተመራማሪ ዘወትር የሚጨነቀው የቆዳን አጥር ስለ ማሳለፍ ነው። አጥሩ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር የሚወፍር፣ የሞቱ ሕዋሳት በስብ ተያይዘው የሠሩት የላይኛው ንብርብር ነው። የእከክ ተውሳክ ዋሻዋን የምትቆፍረው ግን በዚሁ ንብርብር ውስጥ ነው። ስለዚህ አጥሩ ለመድኃኒቱ መሰናክል ብቻ ሳይሆን መድረሻም ነው፤ አልፎ ወደ ደም የገባው ዒላማውን ስቷል። ቀድሞ ይመከር የነበረው ከመቀባት በፊት በሙቅ ውሃ መታጠብ የቀረውም መድኃኒቱን ወደ ደም እንዳያሳልፍ ተብሎ ነው።

5 በመቶ ፐርሜትሪን ያለው ቅባት በሰውነት ላይ ከ8 እስከ 14 ሰዓት መቆየት አለበት። ተውሳኳ የምትወደው ደግሞ የጣቶችን መሐል ነው። ሊጥ የምታቦካ፣ ልጅ የምታጥብ እናት እጇን በታጠበች ቁጥር መድኃኒቱ አብሮ ይሄዳል፤ እንደገና ካልተቀባችም ሕክምናው ይጓደላል።

ጠጉሩን በቅቤ መቀባት ለለመደው የራያ ሰው ቅባት እንግዳ ነገር አይደለም። ለቆቦ ቆላ የሚበጀው ምርምር እንግዲህ ጠልቆ የሚገባ ሳይሆን፣ በሥራ ላይ ባለ እጅ ጸንቶ የሚቆይ ቅባት መፈለግ ነው።