ዘጠኝ ዓመት ከሚክሰሩ ኋላ

ሬዲዮ የምታዳምጡ ሁሉ የምታውቁት ድምፁን ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ድምፃቸው ከማይሰማው ወገን ሆኜ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያ ከ2004 እስከ 2013 ዓ.ም. የስቱዲዮ ቴክኒሺያን ነበርኩ። የአቅራቢውን ማይክራፎን የሚከፍት፣ ዜናው ሲያልቅ ሙዚቃውን የሚያስገባ፣ ማስታወቂያው በደቂቃው እንዲወጣ የሚያደርግ ሰው ማለት ነው። ሥራው እስካልተበላሸ ድረስ መኖራችንን የሚያስታውስ የለም።

ስቀጠር አምስት ነበርን። ሥራ አስኪያጁ በየስብሰባው «እኛ ቤተሰብ ነን» ይሉ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ቃላቸው ባዶ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ፣ ክርስቲያን ሆነው ሳለ፣ ለዐቂቃዋ በግ ልከውልኛል። ይህን ብክድ አላህ ይታዘበኛል።

የግል ሬዲዮ የሚኖረው ከማስታወቂያና ከሚከራየው የአየር ሰዓት ነው። የውጭ አዘጋጅ ሰዓቱን ይገዛል፣ ስፖንሰር ፈልጎ ወጪውን ይሸፍናል፣ የተረፈው ለእሱ ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት፣ በተለይ በስፖርት ፕሮግራሞች፣ ከስፖንሰሮች ሁሉ ጎልተው ይሰሙ የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ። ታዲያ ያን ማስታወቂያ ቁልፉን ተጭኖ ወደ አየር የሚለቀው የማን ጣት ይመስላችኋል? መግሪብ ሲደርስ የመስጊዱ አዛን በመስኮት ይገባል፣ በጆሮዬ ላይ ባለው ማዳመጫ ደግሞ የብርጭቆ ግጭት ይሰማኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኸምር ዙሪያ የረገሟቸው ጠጪውን ብቻ ሳይሆን ተሸካሚውንና ሻጩንም እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬያለሁ። የሰፈራችንን ኡስታዝ ጠየቅኳቸው። «ሌላ ሥራ ፈልግ፤ እስክታገኝ ግን ልጆችህን አታስርብ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ረሳሁና ሁለተኛውን ብቻ ይዤ ሰባት ዓመት ተቀመጥኩ።

በ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጣ። የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተከለከለ። ክልከላው ሥራ ላይ የዋለው በግንቦት ወር መጨረሻ፣ የረመዷን የመጨረሻዎቹ አስር ሌሊቶች ውስጥ ስለነበር፣ ለእኔ የዱዓዬ መልስ መስሎ ታየኝ። ያን ምሽት በተምርና በውኃ ሳፈጥር ማዳመጫው ንጹሕ ነበር። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ለባለቤቴ ደውዬ ስነግራት ግን «አልሐምዱሊላህ፤ ደሞዛችሁንስ ማን ይከፍላል?» አለችኝ። ከእኔ ይልቅ ሒሳብ ታውቃለች።

እንዳለችው ሆነ። ስፖንሰር ያጡ አዘጋጆች ሰዓታቸውን መለሱ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የቀሩትም ነጋዴዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። አምስት የነበርነው ሦስት፣ ከዚያም ሁለት ሆንን። ሌሊቱ ለኮምፒውተር ተሰጠ፤ የተቀዳውን ሙዚቃና ማስታወቂያ በተርታ ያጫውታል፣ ሰው አያስፈልገውም። ቀኑ ደግሞ ለሁለታችን ሆነ። በቀን 14 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በድምሩ 84 ሰዓት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል፤ ትርፍ ሰዓትም በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይላል። ክፍያው በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል ነው። እኛ ግን ያገኘነው «ጊዜው ይለፍና እናስብላችኋለን» የሚል ቃል ነው። በዚያው ሰሞን በየዓመቱ የሚታደስ አዲስ ውል አስፈረሙን። ፈረምኩ። አንብቤዋለሁ፣ ገብቶኛልም፤ ግን ፈረምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚክሰሩ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። አየሩ አራት ደቂቃ ያህል ዝም አለ። በሬዲዮ አራት ደቂቃ ዝምታ ማለት ሱቅን ከፍቶ ትቶ እንደመሄድ ነው። ከደሞዜ የሦስት ቀን ተቆረጠ። ለምን እንደተኛሁ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም።

ይህ ነገር የኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ፣ አንድ ባለቤት በአገሪቱ ከ40 በላይ የሬዲዮ ጣቢያዎች እንዳይኖሩት ይከለክል የነበረውን ገደብ አነሣ። ክሊር ቻነል የተባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 በላይ ጣቢያዎችን ሰበሰበ። አንድ አቅራቢ በአንድ ከተማ ሆኖ ድምፁን እየቀዳ በሌሎች ከተሞች የአገሬው ሰው መስሎ ይሰማ ጀመር፤ በየከተማው የነበሩት አቅራቢዎችም ቦታቸውን አጡ። ሀብታሙም ድሃውም አገር ላይ ሒሳቡ የሚጀምረው ከሠራተኛው ነው።

በ2013 ዓ.ም. ውሌ ሲያልቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ተሰጠኝ። «ላደረጉት አስተዋፅኦ እናመሰግናለን» ይላል። የመጨረሻዋ መስመር ቁልፍ እንዳስረክብ ታዛለች። ያን ሌሊት ቁርኣን ከፍቼ በሱረቱል ቀሶስ ያለውን የሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ አነበብኩ። የመድየኑ ሽማግሌ ሙሳን ሲቀጥሩ ስምንት ዓመት እንዲያገለግል፣ አስር ቢሞላ ግን ከራሱ በጎነት እንደሚቆጠር፣ ሊያስቸግሩትም እንደማይፈልጉ አስቀድመው ነገሩት። ያለመፈረም መብት ሳይጓደል፣ የሥራው ልክ ተለይቶ፣ አላህ ምስክር ተደርጎ የተገባ ውል ነው። እኔ የቆየሁት ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ከስምንቱም አለፍኩ፣ አስሩንም አልሞላሁ። ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። የሽማግሌው ልጅ ሙሳን ስታስመሰክርለት ጠንካራና ታማኝ ነው ብላ ነው። ጠንካራስ ነበርኩ ልበል፤ ታማኝ ነበርኩ?

አልነበርኩም። ሌሊት ብቻዬን በምሆንበት ጊዜ ለሦስት ነጋዴዎች በጣቢያው ማይክራፎን ማስታወቂያ ቀድቼ ክፍያውን ኪሴ ከትቻለሁ። ሲያደርጉብኝ የነበረውን ለማካካስ ነው ብዬ ለራሴ አስረድቼ ነበር። ያልተከፈለኝ ትርፍ ሰዓት ከዚያ ገንዘብ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ወላሂ። ሆኖም የኔን ሐቅ በስውር እንድወስድ ማን ፈቀደልኝ? ቁልፉን ላስረክብ ስሄድ ጓደኛዬ በር ላይ ያዘኝና «የማስታወቂያውን ፋይል ሁሉ አጥፋው፣ ይቃጠሉ!» አለኝ። እጄ ከኮምፒውተሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። አላጠፋሁም። ይህን ለመመጻደቅ አልነግራችሁም፤ ስለ ሦስቱ ማስታወቂያዎች ሳስብ አፍሬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ቁልፉን ካስቀመጥኩ በኋላ ያደረግኩትን ነገርኳቸውና ዐፉ እንዲሉኝ ጠየቅኩ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «እኔስ ስንት ሰዓት አለብኝ?» አሉ በመጨረሻ። «እርስዎ ያውቁታል፣ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። ገንዘቡን ግን አልላኩም፤ እኔም የኔን በፍርድ ቤት አልጠየቅኩም። ወንድሜ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ይቆጣኛል፣ ምናልባትም ልክ ነው።

ከዚያ በኋላ መርካቶ የድምፅ መሣሪያ ጥገና ከፈትኩ። ደሞዝ እንደነበረኝ ዘመን ወር አይቆጠርም፣ ግን ሪዝቁ ከአላህ ነው፤ መግሪብንም በጀመዓ እሰግዳለሁ።

ባለፈው ወር ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ደኅና ነህ? ሚክሰሩ አሞናል፤ ከአንተ በቀር የሽቦውን መስመር የሚያውቅ የለም። ቅዳሜና እሑድም ብትረዳን» አሉኝ። ኢስቲኻራ ሰግጄ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። በእጄ ጽፌ የያዝኩትን አንድ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ፤ የሰዓቱ ልክ፣ የሰዓቱ ዋጋ፣ ለመግሪብ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ የሚተካኝም ሰው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሌላስ?» አሉኝ።

«ሌላ የለም» አልኳቸው። እስክሪብቶ ፍለጋ መሳቢያቸውን ሳቡ።