ለወይዘሮ ስንዱ አንድ ሐውልት

እኔና ስድስት ጡረተኛ ጓደኞቼ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ሥራ ይዘናል። ሦስታችን የጤና ባለሙያዎች፣ አራቱ መምህራን ነበሩ። የፊርማ ወረቀት ይዘን ከአምቦ እስከ ጊንጪ፣ ከጊንጪ እስከ አዲስ ዓለም በየዕድሩና በየማኅበሩ እንዞራለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ለወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ በተወለዱባት በአዲስ ዓለም፣ ሐውልት ይቁምላቸው።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገጥመን መልስ ጥያቄ ነው። «ስንዱ ደግሞ ማን ናት?» ይሉናል። እኛም ቡናው እስኪፈላ እናወራለን።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ባሕር ማዶ የተማሩ፣ በቤተ መንግሥት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። የሴት ልጅ ሙያ ከጓዳ አያልፍም በሚባልበት ዘመን ልጃቸውን ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ። ስንዱ ተምረው ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ወረረን። ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር እስከ ጎሬ ዘለቁ፤ በኋላም ተይዘው አዚናራ በምትባለው የጣሊያን ደሴት ታሰሩ። አገር ነጻ ከወጣ በኋላ አስተማሩ፣ መጽሐፍ ጻፉ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። በ1949 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በሕዝብ ድምፅ ለኢትዮጵያ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴትም ሆኑ። ቆየት ብለው የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ።

ይህን ስናወራ አንዳንድ ሰው «ታዲያ መብቱን የሰጠው ሕገ መንግሥቱ አይደለም ወይ?» ይላል። እውነት ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ እንዲመርጥ ሲፈቅድ ወንድና ሴት ብሎ አልለየም። ነገር ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በክትባት ሥራ ላይ ስለቆየሁ አንድ ነገር አውቃለሁ። ክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ ልጅ ከኩፍኝ አይድንም። አንድ ሰው ተሸክሞት ጭቃውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ከልጁ ክንድ ማድረስ አለበት። የሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብትም በወረቀት ላይ ሲጻፍ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። በዚያ ላይ ለመወዳደር በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ይጠይቅ ነበር፤ በስሟ ንብረት ያላት ሴት ደግሞ ስንት ነበረች? ወይዘሮ ስንዱ መብቱን ተሸክመው ያደረሱት በዚህ ሁሉ መካከል አልፈው ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሌላም ነገር አለ። ስንዱን ያስተማረችው ስዊዘርላንድ ሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የፈቀደችው በ1963 ዓ.ም. ነው። ተማሪዋ እዚህ አገር ፓርላማ ከገባች 14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለልጅ ልጆቻችን «ሁሉ ነገር ከውጭ መጣ» ብለን ስናስተምራቸው ይህንንም ልንነግራቸው ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ክርክር ግን የመጣው ከራሴው የሙያ ጓደኛ ነው። «አንቺ ነርስ ሆነሽ እንዴት ሐውልት ትጠይቂያለሽ? ገንዘቡ ለማዋለጃ አልጋ አይሻልም?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላለፍኩትም፤ ሌሊት አስተኝቶኝም አያውቅም።

እኛ ጤና ባለሙያዎች ሦስቱ መዘግየቶች የምንላቸው አሉ። እናት በወሊድ የምትሞተው ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰን ሲዘገይ፣ መንገዱ ሲያዘገያት፣ ከደረሰችም በኋላ ሕክምናው ሲዘገይባት ነው። አልጋ፣ ደምና አዋላጅ ሦስተኛውን ያቃልላሉ፤ አምቡላንስና መንገድ ሁለተኛውን። የመጀመሪያውን የሚያቃልለው ግን የሴቲቱ ቃል በቤቷ መሰማቱ ነው። ደም እየፈሰሳት «ባሌ ከገበያ ይምጣና» ያለችኝን እናት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ደጅ ቆሞ ነበር። አማች መጡ፣ አጎት መጡ፣ ምክክር ሆነ፤ እሷን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ግን አልነበረም። ባሏ መጥቶ እሺ ሲል ደሟ አልቆ ነበር። ያን ቀን የጎደለን አልጋ አልነበረም።

በወጉ ለምን እንዲህ ሆነ ብንል ሕጉም ራሱ ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ይል ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበር። ይህ እንዲቀር የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እስከ ወጣበት እስከ 1992 ዓ.ም. መጠበቅ አስፈልጓል። ሕግ የሚወጣበት ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል የሚለው ነገር ከማዋለጃ ክፍል የራቀ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ድምፅና ሕክምና አብረው እንደሚሄዱ ካሳዩን ሰዎች አንዷ አዲስ አበባ ተቀብረዋል። ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ብዙ ጊዜ ታስረው፣ ምግብ እምቢ ብለው የተሰቃዩ ሴት ነበሩ። ኋላ ፋሺስት ሲወረን ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቋሙ። ልዕልት ፀሐይ ደግሞ እንግሊዝ አገር ነርስነት የተማሩ፣ ለእኛ ለነርሶች ታላቅ እህት የሚሆኑ ናቸው። በ1934 ዓ.ም. በእርግዝና ምክንያት በመጣ ሕመም ነቀምት ላይ ሕይወታቸው ሲያልፍ ገና ወጣት ነበሩ። ነቀምት በዚሁ በእኛው በአምቦ መንገድ የሚደረስባት ከተማ ናት። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዝ አገር ገንዘብ ሲያሰባስቡ የነበሩት ሲልቪያ ናቸው፤ ሆስፒታሉ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ለምርጫ ካርድ የታሰሩት ሴት ለሆስፒታልም ገንዘብ ለመኑ። ለጓደኛዬ የሰጠኋት መልስ ይህ ነበር፤ አልጋውንም እንጠይቅ፣ ሐውልቱንም እንጠይቅ። እሷም ፈረመች፤ ለማዋለጃው ክፍል የተጻፈውን ማመልከቻ ደግሞ እኔ ፈረምኩላት።

ሌላው ክርክር «ሐውልት በዚህ አገር ጠብ ያመጣል» የሚል ነው። ይህን የሚሉ አባቶች ብዙ ስላዩ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ሆኖም አገራችን ለካርል ማርክስ፣ ለፑሽኪን፣ ለቦብ ማርሌይ ሐውልት አቁማለች። እነሱን የቻለ አደባባይ የአዲስ ዓለሟን አስተማሪ አይችልም ብዬ አላምንም። ደግሞም የሴት ድምፅ ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። የኦሮሞ እናት ሲንቄዋን ይዛ በሚጣሉ ወንዶች መካከል ስትቆም ጠቡ ይበርዳል። ማመልከቻችንን በኦሮምኛም በአማርኛም የጻፍነው ሁሉም በየቋንቋው አንብቦ፣ ተከራክሮ፣ የእኔ ነው ብሎ እንዲፈርም ነው።

ይህ ምኞት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለንደን ውስጥ በፓርላማው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ 11 ሐውልቶች ነበሩ፤ ሁሉም የወንዶች። አንዲት ሴት በዚያ ስትሮጥ ይህን አስተውላ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች። ሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ፣ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም.፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት የሚሊሰንት ፎሴት ሐውልት ቆመ። የእኛ ግን እንዲህ አልፈጠነም። ማመልከቻችንን የተቀበለን አንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ጊዜ «ሳምንት ተመለሱ» ብሎናል። ምን ችግር አለ? ጡረተኞች ነን፤ ሳምንት አላጣንም።

በአካሄድ ላይ እርስ በርሳችንም ተከራክረናል። አንዷ ጓደኛችን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ይቁሙ አለች። እኔና ሌሎቹ ግን ዝቅ ይበል አልን። መጽሐፍ ይዘው፣ ከመሬት ብዙ ሳይርቁ፣ ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ እጃቸውን ልትነካ በምትችልበት ቁመት ይቁሙ ብለን ተስማማን። ከሥሩም ስማቸው፣ የተወለዱበትና የተመረጡበት ዓመት ይጻፍ። ሌላ ውዳሴ አያስፈልግም።

እናንተ አያቶችና ወላጆች፣ ሐውልቱ እስኪቆም ግን መጠበቅ የለባችሁም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ሰምተን ያደግን ነን፤ ልጆቻችንም ከእኛ ሲሰሙት አድገዋል። ከዚያ ጎን ሌላ ታሪክ ይስሙ። ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ መኪናው አዲስ ዓለም ሲደርስ ልጁን ቀስቅሱት። ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሩትን የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ስታሳዩት፣ «ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴትም ከዚህ ነው የተነሱት» በሉት።

ፊርማው እስካሁን ሦስት ደብተር ሞልቷል። ከፈረሙት ብዙዎቹ እናቶች ፊደል ስላልቆጠሩ በአውራ ጣታቸው ነው ያተሙት። አንዷ ጣቷን በቀለሙ ነክራ ከማተሟ በፊት ቀና ብላ «ይቺ ሴትዮ ምርጫውን ስታሸንፍ ባሏ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችን። ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን የምሯን ነበር። «ባሏን አልጠየቅንም እማማ፤ የተመረጡት እሳቸው ናቸው» አልኳት። ጥቂት አሰበችና ጣቷን ጫን አድርጋ አተመች። አራተኛውን ደብተር በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉደር ገበያ ላይ እንከፍታለን።