ከማን አንሼ

የአዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ሰው የመቀመጫዎቹን የልማድ ስሞችም ያውቃል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ… እኔ ከሁሉም የምወደው «ከማን አንሼ»ን ነው። ጥላ ፎቅ መቀመጥ ያልሆነለት ሰው ራሱን የሚያጽናናበት ቃል ይመስለኛል። እሑድ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. የተቀመጥሁት እዚያ ነበር። የዚያን ዕለት ሽንፈት ባስታወስሁ ቁጥር ስሙም አብሮ ይመጣብኛል። ድሮ ፉከራ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥያቄ ሆኗል።

እዚያ ቀን ላይ የደረስነው በቀላሉ አልነበረም። ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀን ኖረናል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በዚሁ ሜዳ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተረታንበትን ሽረን ስናልፍ፣ ከተማው በሙሉ ዘመዳችን መሰለን። በዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ደግሞ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታን። ደስታው ሳይበርድ፣ ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ በካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፏል ተባለና 3 ነጥብ ተቀነሰብን። ዋልያዎቹ ግን ጳጉሜ 2 ቀን ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፈው ከመጨረሻዎቹ አሥር አገሮች መካከል ቆሙ። ከአሥሩ አምስቱ ወደ ብራዚል ይሄዳሉ። ለእኛ የደረሰችን የአፍሪካ ሻምፒዮኗ ናይጄሪያ ነበረች፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር ሩስተንበርግ ላይ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 የሸኘችን ናይጄሪያ።

አባቴ በዚያን ጊዜ ዓይኑ ደክሞ ነበር። ቴሌቪዥን ለእርሱ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ብቻ ስለሆነ ሬዲዮኑን ይመርጥ ነበር። የኳስ ፍቅርን የወረስሁት ከእርሱ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይሰለች የነገረኝ አንድ ታሪክ አለ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ እዚያው ስታዲየም። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራችን፤ ሁለት ጊዜ ደረስንባት፤ በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አባቴ ትረካውን የሚዘጋው ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነበር፤ «በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።»

ሰልፍ ልይዝ በሌሊት ከቤት ስወጣ ነቅቶ ጠበቀኝ። «እኔ የያኔውን አይቻለሁ፤ አንተ የዛሬውን እይልኝ» አለኝ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ከሳላዲን ሰዒድ የተነሣ ኳስ ወደ ናይጄሪያ ግብ ሄደ። ግብ ጠባቂው ቪንሰንት ኢንየማ ያዘው። ግን የያዘው ከመስመሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? በዚያች ቅጽበት ከፊቴ የነበሩት ሁሉ ተነሡ፤ ያየሁት የሰው ጀርባና ወደ ሰማይ የተዘረጋ እጅ ብቻ ነው። ስታዲየሙ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ፤ ከጎኔ የተቀመጠውን፣ ስሙን እንኳ የማላውቀውን ሰው አቀፍሁ። ዳኛው ግን ጎሉን አልተቀበሉትም።

ከዕረፍት መልስ በኃይሉ አሰፋ ያሻማ የመሰለው ኳስ ግብ ጠባቂውን አታሎ መረብ ውስጥ ገባ። አሁን የምር ጎል ነው። ዳግመኛ ተቃቀፍን። የመጀመሪያውን ስንነፈግ ሰማይ ጠርተን ያሰማን ሰዎች፣ ሁለተኛው እንዲያው በእጃችን ሲወድቅ «ይህስ ይገባን ነበር ወይ?» አላልንም።

ብዙም ሳይቆይ ኢማኑኤል ኢምኒኬ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊጠናቀቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ ራሱ ኢምኒኬ መትቶ አገባው። 1 ለ 2። ከዚያ የሆነውን ዝምታ በቃል ለመግለጽ ይቸግረኛል። ያን ሁሉ ሕዝብ የያዘ ስታዲየም አንድ ጊዜ ትንፋሹ ተያዘ። ሁለት ጊዜ ያቀፍሁት ሰው ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር የወደቀውን ባንዲራ አነሣ፤ አጠፈው፤ በኪሱ ከተተው። ሳንሰነባበት ተለያየን።

ቤት ስደርስ አባቴ ሬዲዮኑን ዘግቶ ተቀምጧል። ስለ ውጤቱ አልጠየቀኝም፤ ሰምቶታል።

«ያ ኳስ መስመሩን አልፎ ነበር?»

«አልፎ ነበር፣ አባባ።»

«አንተ አየኸው?»

«በዓይኔ በብረቱ።»

ወደ ኋላ ደገፍ አለ። «እንግዲያው አላነስንም» አለና ወደ መኝታው ሄደ።

ዋሽቼው ነበር። ኳሱ አላለፈም ማለቴ አይደለም፤ ኋላ የወጣውን ምስል ካየሁ በኋላ ማለፉን አምኛለሁ። አይቻለሁ ማለቴ ግን ውሸት ነው። ውሸቴም እግር አወጣ። ያን ወር ሊጠይቀው ለመጣ ጎረቤት ሁሉ «ልጄ በዓይኑ አይቶታል፤ ተሰረቅን እንጂ አልተሸነፍንም» እያለ ይናገር ጀመር። እኔም ቡና እየቀረበ አጠገቡ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በድምሩ 4 ለ 1። ከአባቴ ጋር በሬዲዮ ሰማነው። ስርቆት አራት ለአንድን አይሸፍንም። ሬዲዮኑ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ቆይቼ፣ «አባባ፣ ያን ኳስ አላየሁትም። ከፊቴ ሰው ቆሞ ነበር» አልሁት።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ፈገግ አለ።

«እኔም የግብጹን አላየሁም» አለኝ። «የመግቢያ ገንዘብ አልነበረኝም። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው ያዳመጥሁት። አራት ጊዜ ጮኹ፤ ሁለት ጊዜ ዝም አሉ። ጩኸቱንስ ማንም ይቆጥረዋል። እኔ እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ዝምታውን ነው።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ በድል ላይ የሐሰት ምስክር ሆኖ ኖሯል፤ እኔ በሽንፈት ላይ አንድ ወር። ሁለታችንም የዋሸነው አገራችንን ስለምንወድ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ከዚያ ትንሽ ያንሳል፤ የዋሸነው ማነስን ስለምንፈራ ነው። «ተሰረቅን» የሚለው ቃል መጠለያ ነው። ከሥሩ ስንገባ፣ ከመራን በኋላ ለምን መጠበቅ አቃተን፣ 3 ነጥብስ ስለምን በቢጫ ካርድ ጠፋ የሚሉት ጥያቄዎች ውጭ ዝናብ ሲመታቸው ያድራሉ። ያ ኳስ ቢቆጠር ኖሮ ሁሉም ነገር ሊለወጥ ይችል ነበር፤ ላይለወጥም ይችል ነበር። ሰው ግን በአንድ ኳስ ሥር ዕድሜ ልኩን ሊጠለል አይችልም።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ብራዚል ውስጥ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ኳስ መስመር ማለፉን የሚለይ መሣሪያ በሥራ ላይ የዋለበት የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ሆነ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህም ለዓለም ዋንጫ አልበቃችም። አባቴም ዛሬ በሕይወት የለም። የ1954ቱን ታሪክ ለልጆቼ ስነግር «አያታችሁ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሰማው» እላለሁ፤ እንዲያውም እንዲህ ሲነገር ይበልጥ ያምራል።

ስለዚያ እሑድም የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ያ ኳስ አልፎ ነበር ወይ? አንተ አየኸው ወይ?

አላየሁም። ከማን አንሼ ተቀምጬ ነበር፤ ከፊቴም ሰው ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜ በከንቱ ጮኽን፤ አንድ ጊዜ የምር ጮኽን፤ ሁለት ጊዜ ዝም አልን።